አንድ አገር ያገደው ጸረ-ተባይ የት ይሄዳል?

ይህ ጽሑፍ ለዕፅዋት ጥበቃ ተማሪዎችና ለግብርና ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ2025 ኬንያ ከ70 በላይ የጸረ-ተባይ ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ወሰነች። ሌሎች ብዙ ምርቶች ላይ ደግሞ የአጠቃቀም ገደብ ጣለች። ጥሩ ውሳኔ ነው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የቀረው ዕቃ የት ይሄዳል? ነጋዴው ገንዘቡን አውጥቶበታል። መንግሥት መልሶ ካልገዛው ወይም አስመጪው ካልሰበሰበው ነጋዴው ገዢ ይፈልጋል። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ደግሞ አስፋልት ነው። ሞያሌ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላ አገር የምትገቡባት ከተማ ናት።

ኬንያን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። እኛም ነገ አንድ ምርት ብናግድ ያው ነው። መተማ አለ፣ ቶጎጫሌ አለ፣ ጋላፊ አለ። ጸረ-ተባይ በትንሽ ዕቃ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ሸቀጥ ነው። አንድ ካርቶን በአውቶቡስ ወንበር ሥር ይገባል።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ የሚለው አንድ ነገር ነው። በአፍሪካ ቀንድ አንድ አገር ጸረ-ተባይን ለብቻው ሊቆጣጠር አይችልም። አብረን መመዝገብ፣ አብረን ማገድ፣ የታገደውንም አብረን መሰብሰብ አለብን። ይህን ከእኛ የተሻለ አቅም የሌላቸው አገሮች ከ30 ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። እነሱ ጋ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ማሳው ላይ ያለውን እንይ። መቂና ባቱ አካባቢ ሄዳችሁ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎችን አነጋግሩ። ብዙዎቹ በየሳምንቱ ይረጫሉ። ተባዩ ሲበረታ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ። ሁለት ሦስት ዓይነት ኬሚካል ቀላቅለው በጀርባ መርጫ ይሞሉታል። ጓንት የለም። ጭምብል የለም። ቢኖርም በዚያ ሙቀት ለብሶ መዋል አይቻልም። ከሱቅ የሚገዛው ሁልጊዜ በእሽግ ጠርሙስ አይደለም። ለሩብ ሄክታር የሚበቃ በሃይላንድ ይቀዳለታል። ሃይላንዱ ላይ ስም የለም፣ መጠን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ቤት ሲደርስ ከውኃ ሃይላንድ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ልጆች ባሉበት ቤት።

የምርቱ ምልክት ላይ ከታች ባለ ቀለም መስመር እንዳለ ታውቃላችሁ። ቀይ እጅግ አደገኛ ማለት ነው። ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይከተላሉ። ይህ መስመር ማንበብ ለማይችል ሰው ጭምር የተሠራ ነው። ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ድንበር የተሻገረ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ በስዋሂሊ ወይም በዓረብኛ ይሆናል። የእኛ ገበሬ አያነበውም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም አያነበውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ ልጥቀስ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የጸረ-ተባይ የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው በ1985 ነው። አሁን ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር የሚያወጡት የጋራ ሰነድ ሆኗል። ደንቡ በግልጽ የሚለው አለ። ለመያዝና ለመርጨት የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ የመከላከያ ልብስ የሚጠይቅ ጸረ-ተባይ መወገድ አለበት ይላል። በተለይ በሞቃት አገር ለሚኖር አነስተኛ ገበሬ። ይህን ከልብ ካነበብነው ጥፋቱን ሁሉ ጓንት ባላደረገው ገበሬ ላይ ማላከክ እናቆማለን። ያለ ጓንትና ጭምብል ሊነካ የማይገባውን ነገር ቀድሞ ያስገባው ማነው? ፈቃዱን ማን ፈረመ? ጥያቄው ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

መዝጋቢው ደግሞ ምን አቅም አለው?

አንድ ጸረ-ተባይ ሲመዘገብ ኩባንያው ወፍራም ዶሴ ያቀርባል። ውስጡ ብዙ ነገር አለ። መርዛማነቱ በአይጥ ላይ እንዴት ተፈተነ? አፈር ውስጥ በስንት ጊዜ ይበሰብሳል? ዓሣን፣ ንብን፣ ወፍን ምን ያደርጋል? ከተረጨ በኋላ በሰብሉ ላይ ምን ያህል ቅሪት ይተዋል? በእኛ አየር ንብረት ተባዩን በእርግጥ ይገድላል? ይህን ሁሉ አንብቦ ለመፍረድ ቶክሲኮሎጂስት፣ ማለትም የመርዝ ባለሙያ፣ ያስፈልጋል። ኬሚስት ያስፈልጋል። የውኃ ሥነ-ምህዳር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የሰብል ተመራማሪ ያስፈልጋል።

በእኛ አገር የጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ የወጣው በ1990 ነው። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 674 ወጣ። ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሕጉ መጥፎ አይደለም። የሚያነቡት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው፣ ዶሴው ብዙ ነው። ተመሳሳይ ዶሴ ደግሞ ናይሮቢ ላይ፣ ካምፓላ ላይ፣ ካርቱም ላይ ሌሎች ጥቂት ሰዎች ለየብቻቸው ከሥር ጀምረው ያነቡታል። ለአንድ ዓይነት ምርት፣ በተቀራራቢ ሰብል ላይ፣ ለተመሳሳይ ተባይ። ለእርሻ ደቦ እንወጣለን፤ ለዚህ ከእርሻ ለሚከብድ ሥራ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን።

አሁን ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ወዳሉት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች፣ ወደ ሳህል፣ እንሂድ። እኛ የወሎን ረሃብ ባየንበት በ1973 እነሱም በዚያው ድርቅ ተመተው ነበር። በዚያው ዓመት ድርቅን አብሮ ለመከላከል ሲልስ የሚባለውን የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ቻድ፣ ሴኔጋል፣ ሞሪታኒያና ሌሎችም አሉበት። ዛሬ 13 አገሮች ናቸው። በ1992 ዋጋዱጉ ላይ የጸረ-ተባይ ምዝገባን የጋራ የሚያደርግ ደንብ ፈረሙ። በ1994 የሳህል የጸረ-ተባይ ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኩባንያው አንድ ዶሴ ለባማኮ ያቀርባል። ከአባል አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች ተቀምጠው ያዩታል። አንዱ አገር ጎበዝ ቶክሲኮሎጂስት ካለው ሁሉም ተጠቀሙበት ማለት ነው። ካመኑበት ለ5 ዓመት ይመዘግቡታል። መረጃው ገና ካልተሟላ ለ3 ዓመት ጊዜያዊ የሽያጭ ፈቃድ ይሰጣሉ። ካላመኑበት ይመልሱታል። ውሳኔው በሁሉም አባል አገሮች ይሠራል። ሱቅ መፈተሽ፣ የአስመጪ ፈቃድ መስጠት፣ ኬላ ላይ መቆም ግን የየአገሩ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ምን አስገኘ? ኢንዶሰልፋንን ውሰዱ። ለጥጥ ተባይ የሚረጭ፣ አካባቢ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ኬሚካል ነው። በ1999 እና በ2000 ቤኒን ውስጥ በጥጥ አምራች አካባቢ ብዙ ሰው ገደለ። የሳህል ኮሚቴ በ2007 እንዲቆም ወሰነ። ዓለም አካባቢ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዞችን በሚያግደው በስቶክሆልም ስምምነት ኢንዶሰልፋንን ያገደው በ2011 ነው። እነዚህ የዓለም ድሃ የሚባሉ አገሮች ቀድመው ወስነው ቆዩ።

ካርቦሰልፋን የሚባለው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የሮተርዳም ስምምነት በ1998 የጸደቀ፣ በ2004 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ስምምነቱ ራሱ አያግድም። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ኬሚካል ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር አውቆ መፍቀድ ወይም መከልከል አለበት። አገሮች ያገዱት ወይም በጥብቅ የገደቡት ኬሚካል ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ቢያንስ ከሁለት የዓለም ክፍሎች ማሳወቂያ መምጣት አለበት። ማሳወቂያው ደግሞ በአገሩ ሁኔታ ላይ በተሠራ የአደጋ ግምገማ መደገፍ ይኖርበታል። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ግምገማ የሚሠራላቸው ሰው የለም። በካርቦሰልፋን ጉዳይ አንዱ ማሳወቂያ ከአውሮፓ መጣ። ሌላው ከሳህል አገሮች መጣ፣ በባማኮው ኮሚቴ ሥራ ላይ ተመሥርቶ። ስምምነት እስኪደረስ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ በ2025 በተደረገው የስምምነቱ አባል አገሮች ጉባኤ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

በዚያው ጉባኤ ፌንቲዮን የሚባለው፣ ለግሪሳ ወፍ ከአውሮፕላን የሚረጨው ዓይነት፣ አብሮ ገባ። ያንን ያቀረበችው ቻድ ነበረች፤ በአጠቃቀም ላይ ጉዳት ያደረሰን እጅግ አደገኛ ምርት አንድ ታዳጊ አገር ብቻዋን ማቅረብ ትችላለች። ግሪሳ የእኛም ችግር ነው። ማሽላ ሲደርስ ስምጥ ሸለቆን የሚወርረው እሱ ነው፣ እኛም የምንረጨው ይህንኑ ኬሚካል ነው። ፌንቲዮን ወፍን ሁሉ አይለይም። የሞተችውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትም ይሞታል። ሰዎችም የሞቱትን ወፎች ለምግብ የሚለቅሙበት ቦታ አለ። ጥያቄውን ያነሳችው ቻድ መሆኗ ያስደስተኛል። ከእኛ በኩል አለመነሳቱ ግን ያሳዝነኛል።

የሳህሉን ሥርዓት ከነጉድለቱ ልንገራችሁ እንጂ ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። ከጎረቤት የባሕር ዳርቻ አገሮች ያልተመዘገበ ምርት በኮንትሮባንድ ይገባባቸው ነበር፤ ዛሬም ይገባል። ሁሉም የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በአንድ ደንብ እንዲገዙ የቀጠናው የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ በ2008 የጋራ ደንብ ያወጣው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ክልል አጥር ሠርቶ አንዱን ጎን ክፍት ቢተወው ዕቃው በዚያ ይገባል።

ወደ እኛ ልመለስ። መተባበር አናውቅም እንዳትሉኝ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ በ1962 ነው። ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአንድ ዓመት ይቀድማል። አንበጣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊበር ስለሚችል አብሮ መሥራት ግድ ነበር።

ግን ከ2019 መጨረሻ እስከ 2021 የሆነውን አስታውሱ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት ያልታየ፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ መንጋ ነበር። ሶማሊያ በዋናነት የመረጠችው ሜታራይዚየም የሚባል ፈንገስ የያዘ ምርትና የነፍሳትን ዕድገት የሚያቋርጡ ኬሚካሎችን ነው። ፈንገሱ የሚያጠቃው አንበጣና ፌንጣን ነው፣ ንብን አይነካም። ኢትዮጵያና ኬንያ ውስጥ በብዛት የተረጨው ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ወገን ነው። ያ ደግሞ የነርቭ መርዝ ነው፣ ንብን ይፈጃል። እኛ በአፍሪካ በማር ምርት አንደኛ ነን የምንል ሕዝቦች ነን።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፈንገሱ አንበጣውን ለመግደል ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የደረሰ ጤፍ ላይ ያረፈ መንጋ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ገና ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ በበረሃ ለመምታት ግን ተስማሚ ነው። ያንን ሥራ ድንበር ሳይከፍለው ማቀድ ይቻል ነበር። መንጋው አንድ ነው። አውሮፕላኖቹን በጋራ እናንቀሳቅሳለን። ታንኩ ውስጥ ስለሚገባው ግን እያንዳንዱ አገር ለብቻው ይወስናል። ከተረጩት አንዱ የሆነው ክሎርፓይሪፎስ በ2025 የስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ ገብቷል፣ የተወሰኑ ጊዜያዊ ፈቃዶች ቢቀሩለትም። የሚቀጥለው መንጋ ሲመጣ ምን እንደምንረጭ ዛሬ ካልተነጋገርን ያኔ ያለው ይረጫል።

መርዙ ድንበር የሚሻገረው በጠርሙስ ብቻም አይደለም። በምግብና በቅጠልም ይሻገራል። ከአወዳይ የተነሳ ጫት ሃርጌሳና ጅቡቲ ገብቶ ወዲያው ይቃማል። የሚላጥ ልጣጭ የለውም፣ አይበስልም፣ ብዙው ሰው አያጥበውም። ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ያገኙ ጥናቶች አሉ። ዲዲቲ ለወባ ቤት ውስጥ እንዲረጭ የተፈቀደ ነበር። ከወባ መርጫው ወጥቶ ማሳ ገባ። አትክልታችንም እንዲሁ ጅቡቲና ሶማሊላንድ ገበያ ይደርሳል። እኛ የጎረቤት ዕቃ ገባብን ስንል ጎረቤት ደግሞ የእኛን ቅሪት ይበላል። በምግብ ላይ ምን ያህል ቅሪት እንደሚፈቀድ የሚወስን የጋራ ወሰን የለንም። ሃርጌሳ ያለው በላተኛ ስለምንረጨው ነገር የሚጠይቅበት ቦታም የለውም።

ሩቅ ያለው ገዢ ግን ይጠይቃል። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከወሰን በላይ የሆነ የጸረ-ተባይ ቅሪት አገኘች። የቡና ገዢዎቹ ወደ ኋላ አሉ፣ ሽያጩ ወደቀ። የእኛ ቡና አብዛኛው ያለ ኬሚካል የሚበቅል ነው። ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለ ጆንያ ተነጋገረ። ቶኪዮ ያለው ጠጪ ይህን ያህል ካንቀሳቀሰን፣ የባቱን ቲማቲም የሚበላው የአዳማ ልጅና የአወዳይን ጫት የሚቅመው የሃርጌሳ ሰው ለምን አያንቀሳቅሱንም?

የተጠራቀመው መርዝ ሌላ ሸክም ነው። ኢትዮጵያ ጊዜው ያለፈበት ጸረ-ተባይ በብዛት ከተከማቸባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ከፊሉ ለአንበጣ ተብሎ የገባ ነበር፣ ከፊሉ እርዳታ። በርሜሉ ዝጎ እየፈሰሰ በየወረዳው መጋዘን ተቀምጦ ኖረ። ከ2000 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ተሰብስቦ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ሄዶ ተቃጠለ። ለማስገባት ካወጣነው ይልቅ ለማስወገድ ያስወጣው ገንዘብ ያማል። አንድን ምርት ስናግድ የመሰብሰቢያ ዕቅድ ከሌለን ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ ጎረቤት ጋ ይሄዳል፣ ወይ መጋዘን ውስጥ ይዝጋል።

ከአፍሪካ ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ በአጭሩ ላምጣ። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ አደገኛ የሆኑትን በየደረጃው አገደች። በገጠር ራስን ማጥፋት በአብዛኛው በእነዚህ ኬሚካሎች ነበር። ከእገዳዎቹ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የራስን ማጥፋት መጠን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀነሰ። የሩዝ ምርቱም በእገዳዎቹ ምክንያት አልወረደም። ስሪላንካ ደሴት ናት። ዙሪያዋ ባሕር ነው፣ የምትቆጣጠረው ወደብ ነው። እኛ በስድስት አገር የተከበብን ነን። እሷ ብቻዋን የሠራችውን እኛ ብቻችንን አንሠራውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ትልቅ ተቋም በመገንባት አይጀምርም። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አንድ ዝርዝር ይስማሙ። የእምቢታ ዝርዝር በሉት። አንዱ ያገደውን ሌሎቹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወይ ያግዱ፣ ወይ ለምን እንደማያግዱ በጽሑፍ ይመልሱ። እገዳው የሚጸናበት ቀን አንድ ይሁን። አስመጪው የቀረውን ዕቃ በራሱ ወጪ እንዲሰበስብ ግዴታው በሁሉም አገር እኩል ይሁን። ዝርዝሩ ጉምሩክ ኬላ ላይ ይለጠፍ። ሞያሌ ላይ የሚቆመው ፈታሽ የሁለቱንም አገር ዝርዝር በአንድ ወረቀት ይያዝ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚያ ወደ ምዝገባው ይኬዳል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች በመስክ ሙከራና በዶሴ ይዘት ላይ የጋራ መመሪያ አዘጋጅተዋል። ተመሳሳይ አየር ንብረት ባለው ቦታ የተሠራን ሙከራ ሌላው እንዲቀበል ነው ሐሳቡ። ሶማሊያ በ2024 የማኅበረሰቡ አባል ሆናለች። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፤ በኢጋድና በኮሜሳ በኩል ግን ከሁሉም ጋር ትገናኛለች። መመሪያውን ወስዶ ለመጠቀም አባልነት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሳኔ ነው።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ሉዓላዊነታችንን ለሌላ አሳልፈን እንሰጣለን ወይ? የአውሮፓ ኅብረት አሠራርን እዩ። ንጥረ ነገሩን በጋራ ያጸድቃሉ። ምርቱን ግን እያንዳንዱ አገር ይፈቅዳል። ግምገማውን ለመከፋፈል ኅብረቱን ሰሜን፣ መካከልና ደቡብ ብለው በሦስት ቀጠና ከፍለውታል። አንዱ ይገመግማል፣ ሌሎቹ ያንን ይዘው ይወስናሉ። ፈረንሳይ ፈረንሳይነቷን አላጣችም።

ጊዜውም አለን፣ ግን ብዙ አይደለም። በ2023 ቦን ላይ የጸደቀው የዓለም የኬሚካሎች ማዕቀፍ፣ አማራጭ ባለበት ሁሉ እጅግ አደገኛ ጸረ-ተባዮችን ከእርሻ እስከ 2035 ለማስወጣት ግብ አስቀምጧል። እኛ ለየብቻችን ዶሴ እያገላበጥን 2035 ይመጣል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ጥያቄዎች ተነስተው ነበር። ሦስቱን ከመልሶቼ ጋር ላስፍር።

አንድ ተማሪ፣ “አግዱ ስትሉ ገበሬው ተባዩን በምን ይከላከል?” አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለነቀዝ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት አለ፤ እህሉን ያለ ኬሚካል ያቆያል። ለአገዳ ቆርቁር ኬንያ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ካጋሮቹ ጋር ያወጣው ፑሽ-ፑል የሚባል አተካከል አለ። በበቆሎው መካከል ተባዩን የሚያባርር ተክል፣ በዳር ደግሞ የሚስብ ሳር ይተከላል። ለከብትም መኖ ይሆናል። በ2017 እኛ ጋ የገባውን መጤ ተምችም ይቀንሳል። ፈንገስና ባክቴሪያ የያዙ ምርቶችም አሉ። እነዚህን የሚያመርቱት ግን በአብዛኛው ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ዶሴ፣ የተለየ ሙከራ፣ የተለየ ክፍያ ሲጠየቁ አይመጡም። ትልቁ ኩባንያ ግን ይመጣል፤ አቅም አለው። የተበታተነ ምዝገባ መርዛሙን ያስገባል፣ ቀላሉን ይመልሳል። የጋራ ምዝገባን አጥብቄ የምፈልግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። አንድ ዶሴ አራት አገር ከከፈተ ለትንሹ ድርጅትም ያዋጣዋል።

አንዲት እህት ደግሞ፣ “በዚህ ቀጠና ፖለቲካው በየዓመቱ ይበላሻል። በምን ተማምነን አብረን እንሠራለን?” አለች። የአንበጣ ድርጅቱን አስታወስኳት። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1977 ተዋግተዋል። ኢትዮጵያና ኤርትራ በ1998 ተዋግተዋል። ሁሉም የድርጅቱ አባላት ናቸው። ድርጅቱ ተዳክሟል፣ መዋጮ የማይከፍል አባል አለ፣ አውሮፕላኖቹም አርጅተዋል። ግን አልፈረሰም። የዕፅዋት ጥበቃ ሰዎች በክፉ ጊዜም ስልክ ይደዋወሉ ነበር። የምዝገባ ባለሙያዎቹም ሚኒስትሮች እስኪስማሙ ሳይጠብቁ መደዋወል ይችላሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ድንበር አካባቢ ከሚሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። “እኔ ዝርዝር ማውጣት አልችልም። ገበሬ ምልክቱ የማይነበብ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ምን ልበለው?” አለኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። እንዳትከፍተው፣ እንዳታሸተው። ጠርሙሱን ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሳው። የቀለም መስመሩን፣ የንጥረ ነገሩን ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የምርት ቁጥሩን በቅርበት አንሳ። የንጥረ ነገሩ ስም በየትኛውም ቋንቋ ተቀራራቢ ስለሆነ በእሱ ይታወቃል። ከየት ሱቅ ወይም ከማን እንደተገዛ ጻፍ፤ ገበሬውን ግን አታስፈራራው፣ ሁለተኛ አያሳይህም። ወደ ወረዳና ወደ ባለሥልጣኑ ላከው። ከድንበሩ ማዶ ያለውን ባልደረባህን ስልክ ደግሞ ካሁኑ ያዝ። የምዝገባ ቁጥሩ የእነሱ ከሆነ ትክክለኛ መሆኑን በአንድ ቀን ሊነግርህ የሚችለው እሱ ነው። ስልኩን ለማግኘት ስብሰባ አትጠብቅ። የገበያ ቀን ተሻገርና ጠይቀው።